አልለቅም

አክስት የተገኙት በጀርባቸው ተንጋለው ነበር። ጭንቅላታቸው የውሾቹ መጠጫ ከሆነው የሲሚንቶ ገንዳ ጠርዝ ሥር ነበር፤ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ። ጣቶቻቸው አንድ ነገር እንደ ጨበጡ ታጥፈው ቀርተዋል። የጨበጡት ነገር ግን በአካባቢው አልነበረም።

መላው ሰፈር «አክስት» ነበር የሚላቸው። በሥጋ የምትዛመዳቸው ግን የወንድማቸው ልጅ ብቻ ናት፤ ከጨቅላነቷ አንሥተው ያሳደጓት፣ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ፣ እጮኛ ይዛም «ሚጡ» ከመባል ያልዳነች። ግቢው የአክስት መኖሪያም የእንስሳት መጠለያም ነው። የጠፉና የተጣሉ ውሾችና ድመቶች እዚያ ይገባሉ። የጠፋው ባለቤቱ እስኪመጣ፣ የተጣለው አዲስ ባለቤት እስኪያገኝ ይቀለባል።

ያን ጠዋት ግቢው ውስጥ የረጋ ነገር አልነበረም። ነፋሱ የላላ ቆርቆሮ ያንኳኳል። ውሾቹ ተራ የያዙ ይመስል አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበለዋል። ድመቶቹ ከአጥር ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ አጥር ይዘላሉ።

የመጣችው መርማሪም ከእነሱ አትሻልም ነበር። ባልደረቦቿ «ችኩሏ» ይሏታል። ወንበር ቢሰጧት ጫፉ ላይ ተቀምጣ ወዲያው ትነሣለች፤ ሰው ስታናግር ወዲያ ወዲህ ትላለች። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብለው ሲተርቧት፣ «ቢያንስ ነክሷል፤ ተኝቶ ያደረውስ ምን በላ?» ትላቸዋለች። አብረዋት የሠሩ ግን የሚቸኩለው እግሯ እንጂ ሐሳቧ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ውሻ እንደምትፈራም ያውቃሉ። በልጅነቷ አንድ ጊዜ ተነክሳለች፤ ከዚያ ወዲህ የውሻ ጩኸት በሰማች ቁጥር እጇ ሳታስበው ወደ ባቷ ይሄዳል።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን በአጭሩ ነገራት። ከትናንት ወዲያ የመጣ አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ አለ፤ የተዘጋበት የሽቦ ቤት ተከፍቶ አክስትን ገፍትሮ ጥሏቸዋል። አፉ ዙሪያ ደም አለ። የማዘጋጃ ቤት ውሻ ያዦች ተጠርተዋል፤ ከምሳ በኋላ መጥተው ያስወግዱታል።

መርማሪዋ ተንበርክካ አስከሬኑን አየች። ከኋላ ጭንቅላታቸው በቀር የቆሰለ ነገር የለም። ልብሳቸው አልተቀደደም፤ ጥርስ ያረፈበት ቦታ አልተገኘም። ጉንጫቸው ላይ ግን ደሙ በስሱ ተልሷል። ከዚያ የቀኝ መዳፋቸውን አየች። ቆዳው ከዳር እስከ ዳር በመስመር ተልጦ ቀልቷል።

«ገመድ አገኘህ?» አለችው ፖሊሱን።

«የምን ገመድ?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።»

የመጠለያው ገመዶች ሁሉ በሩ አጠገብ በሚስማር ተሰቅለዋል። ሚጡ ተጠርታ አየቻቸው፤ የጎደለ የለም፣ ከቦታው የተነቃነቀም የለም። መርማሪዋ የልጅቷን ዐይን አየች። አልቅሳ አልወጣላትም፤ እጆቿ የቀሚሷን ጫፍ ይጠቀልሉና ይፈታሉ።

ሚጡ የነገረቻት ይህ ነው። አክስት ውሻውን ያገኙት ድልድዩ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ አንድ በአንድ ሲያይ ነው። ዳቦ እየቆረሱ ከፊቱ እየጣሉ እስከ ቤት አመጡት። ሽቦ ቤቱ ገብቶ ጥግ ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስጠጋም። አንገቱ ላይ ማሰሪያ አልነበረውም፤ ማሰሪያው የነበረበት ግን ፀጉሩ ተረግጦ ዙሪያውን መስመር ሠርቷል።

«አክስት እሱን ሲያዩ ተናደዱ» አለች ሚጡ። «የጠፋ ውሻ ማሰሪያውን ይዞ ይጠፋል፤ ማሰሪያው የተፈታለት ግን ተጥሏል ማለት ነው አሉ። ባለቤቱን ሳላገኝ እንቅልፍ አይወስደኝም አሉኝ።»

«ውሻው ሲጠሩት ይመጣል?»

«አይመጣም። ‹ና› ብንለው፣ ብናፏጭለት፣ ዞሮም አያይ። አክስት ደንቆሮ ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። ዛሬ ዶክተሩ መጥቶ እንዲያየው ተቀጣጥረዋል።»

ማስታወቂያውን የጻፈችው ሚጡ ናት። አንድ የተረፋት ኪሷ ውስጥ ነበር፦ ጠፍቶ የተገኘ ትልቅ ቡናማ ውሻ፣ ፀጉሩ ረጅም፣ የግራ ጆሮው የተሰነጠቀ። ትናንት በየሱቁ በር ለጥፋለች፤ ዛሬም ማለዳ የቀረውን ልትለጥፍ ወጣች። ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ፣ አክስት ወድቀው፣ ውሻው አጠገባቸው ተኝቶ ፊታቸውን ይልስ ነበር። እሷን ሲያይ ተነሥቶ ራሱ ወደ ሽቦ ቤቱ ገባ፤ መቀርቀሪያውን ዘጋችበት። ማስታወቂያ ስትለጥፍ ማን እንዳያት ስትጠየቅ ብዙ ሱቅ ገና አልተከፈተም ነበር አለች።

ፖሊሱ መርማሪዋን ጎትቶ ወደ ጎን ወሰዳት። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው የሚሉት ነገር አላቸው፤ የሚሉትም ለሚጡ የሚበጅ አይደለም።

የልብስ ሰፊው ክፍል ከመጠለያው ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። በሩ ግን ወደ ሌላው መንገድ ነው፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ ከዚያ አይታይም። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንደ አደረጉ፣ እግራቸው ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳይነሣ ነበር የተቀበሏት። በውሾቹ ጩኸት ምክንያት ከአክስት ጋር ስንት ዓመት እንደ ተጨቃጨቁ ሳትጠይቃቸው ነገሯት። በዚያው አፋቸው አንድ ክረምት ለአክስት ቡችሎች የሱፍ ቁራጭ ሰፍተው እንደ ሰጡም ነገሯት።

«ዛሬ ጠዋት ምን ሰሙ ጋሼ?»

«ክር ልቀይር መኪናዬን አቁሜ ነበር። የወንድ ድምፅ ሰማሁ። ‹ነይ፣ ነይ ወዲህ፣ አይዞሽ› ይላል። ቀስ ብሎ፣ እንደ ማባበል። የማን እንደሆነ ግን ብምል እዋሻለሁ።»

«አክስትን ይሆን?»

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን ነካሽ ልጄ። በዚህ ሰፈር አክስትን ‹ነይ› የሚል ወንድ ገና አልተወለደም። ውሻ ያዦቹ እንኳ ‹ይምጡ› ነው የሚሏቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አክስት ጮክ አሉ። ‹አልለቅም› አሉ። ደገሙና ‹አልለቅም አልኩህ› አሉ።»

«ከዚያስ?»

ሽማግሌው መነጽሩን በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ጀመሩ፤ ንጹሕ ነበር። «ከዚያ አንድ ነገር ዱብ አለ። የሰው ቤት ነገር ነው ብዬ መኪናዬን ረገጥኩ።»

ወደ ግቢው ሲመለሱ ፖሊሱ ነገሩ ያለቀ መሰለው። አክስት ሲሞቱ ቤቱና ግቢው ለሚጡ ነው። ወንድየው እጮኛዋ ነው፤ «ነይ፣ አይዞሽ» የሚለው እሷን ነው። «አልለቅም» ያሉት ቤቱን ነው። ጫና በዛባቸው፣ አልለቅም አሉ፣ ተገፈተሩ። ውሻውን የፈቱት ለማሳበብ ነው።

እጮኛዋ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ፒንሳው ከኋላ ኪሱ ሳይወጣ፣ ሰው ሁሉ የሚሰማው ይመስል ዙሪያውን እያየ መጣ። ማለዳ አንድ ጣሪያ ላይ ብቻውን ሽቦ ሲዘረጋ እንደ ነበር፣ ማንም እንዳላየው ተናገረ።

«ሚጡን ‹ወይ ውሾቹ ወይ እኔ› ብለሃታል አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«ብያለሁ። ሰው ሲናደድ የማይለው ምን አለ? ከእሷ ጋር ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ ሦስት ድመት ጭኔ ላይ ይወጣል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አክስትን ግን ገፍቼ አላውቅም። እሳቸው ናቸው ሲገፉኝ የኖሩት። ‹ድመት መያዝ ያቃተው ሚስት እንዴት ይይዛል› ይሉኝ ነበር።»

ሚጡ በረንዳው ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ፖሊሱ «ይዣት ልሂድ?» ሲል መርማሪዋ ውሻ ያዦቹ እስኪመጡ እንዲቆይ ነገረችው። ልጅቷ ያን ጊዜ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ገብቶኛል» አለች። «ውሻው ነው ከተባለ እሱ ይሞታል። ውሻው አይደለም ከተባለ እኔ ነኝ። ሁለታችንንም ያነሡን አክስት ናቸው። አንዳችንን እንኳ ሳትጎዱ የምትጨርሱበት መንገድ የለም?»

 መርማሪዋን እግሯ ወደ ጓሮው ወሰዳት።

የእንስሳት ሐኪሙ እዚያ ነበር። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው፤ እጅጌው ላይ የድመት ፀጉር አይጠፋም። ውሻውን ሊመረምር መጥቶ እሱንም አላስጠጋ ብሎታል። ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ነው ያለው፤ ከፀጉሩ ብዛት የተነሣ ዕድሜውን እንኳ መገመት አልቻለም። ሌላም ነገር ነገራት። ባለፈው ሳምንት ከድልድዩ ማዶ አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ የትንሽ ልጅ ጉንጭ ነክሷል። ልጁ ጉንጩ ተሰፍቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ውሻው ማታ ማታ ሰፈሩ ውስጥ ሲዞር ይታያል እንጂ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ልጁ ከተነከሰ በኋላ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ።

«አክስት ይህን ያውቁ ነበር?»

«ትናንት ነግሬያቸዋለሁ። ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው ደግሞ ሰው የሚያሳድዱበት ዝምታ ነው።»

መርማሪዋ ከሽቦው ራቅ ብላ ቆመች። ከዚያ በላይ መጠጋት አልቻለችም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲመታ የጎረቤት ውሾች ሁሉ ጮኹ፤ ቡናማው ብቻ ዝም አለ። ጆሮዎቹ ግን ቆርቆሮው በጮኸ ቁጥር ይቆማሉ። ጥቂት ቆይቶ ከጥጉ ወጣ፤ መሐል ላይ ቁጢጥ ብሎ ሽንቱን ሸናና ወደ ጥጉ ተመለሰ። መርማሪዋ ዐይኗን ሳትነቅል አየችው። ከዚያ ሐኪሙን እጁን ይዛ አንድ ነገር በጆሮው ጠየቀችው። ሐኪሙም በርከክ ብሎ በሽቦው ሥር አጮለቀ፤ ሲነሣ እየሣቀ ነበር፤ ወዲያው የሣቀበት ቀን ምን ዓይነት እንደሆነ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

ከውጪው በር አጠገብ የተሰበሰበው ሰው መሐል ባለ መድኃኒት ቤቱ ቆሟል። ሰፈሩ የሚያከብረው ሰው ነው፤ ለመጠለያው የትል መድኃኒት በነፃ ይሰጣል። ነጭ ጋውኑን እንደ ለበሰ ነበር የመጣው፤ ከገባ ወዲህ ግን ከበሩ አንድ እርምጃ አላለፈም። መርማሪዋ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ከድልድዩ ማዶ ነው አላት። ቤቱ ውሻ እንዳለው ጠየቀችው።

«እኔ ውሻ?» አለ። «ልጅ ሆኜ ጀምሮ አልወድም። ይኸው በር ላይ ቆሜ እንኳ ጭንቅ ይለኛል።»

«ይህን ውሻ አይተውት ያውቃሉ?»

«የት አይቼ? ሚጡ ትናንት መስታወቴ ላይ የለጠፈችውን ነው ያነበብኩት።» ኪሱን ደባበሰና አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «ግን ሰው የገደለ እንስሳ እስከ ከሰዓት ምን ይጠበቃል? እናንተም ትቸገራላችሁ፣ ሰዉም ይፈራል። ይህን በሥጋ አድርጋችሁ ብትሰጧት ሳትሠቃይ ታርፋለች።»

መርማሪዋ ጠርሙሱን ተቀብላ አመሰገነችው። ከዚያ ሁሉም ወደ ጓሮ እንዲመጡ ነገረች። የአክስት አስከሬን ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ነበር፤ በገንዳው አጠገብ የቀረው የረጠበ መሬት ብቻ ነው። ሚጡ፣ እጮኛዋ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሐኪሙና ባለ መድኃኒት ቤቱ በግማሽ ክብ ቆሙ። ፖሊሱ ከኋላቸው ነው። መንገድ ላይ የሚያልፍ መኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ውሻ ያዦቹ የመጡ እየመሰላቸው ወደ በሩ ይዞራሉ።

መርማሪዋ በፊታቸው ወዲያ ወዲህ እያለች ጀመረች። ውሻው አልነከሳቸውም አለች፤ አፉ ላይ ያለው ደም ሲልሳቸው የነካው ነው። አክስት ግን አንድ ነገር ጨብጠው ነበር። መዳፋቸውን የላጠው ገመድ ነው፤ ያ ገመድ ከመጠለያው ገመዶች አንዱ አይደለም። ስለዚህ ሰው ይዞት መጣ፣ ሰው ይዞት ሄደ።

«ውሻ የሚያስር ገመድ ይዞ የሚመጣ ማን ነው? ባለቤቱ ነው። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ማንንም ያላስጠጋ ውሻ አንገቱን ለማን ይሰጣል? ለባለቤቱ።»

ፖሊሱ አቋረጣት። ልብስ ሰፊው የሰሙትስ ምን ይሁን አለ። ወንድየው «ነይ፣ አይዞሽ» ሲል ሰምተዋል፤ እዚህ ግቢ «ነይ» የምትባል ሴት ሚጡ ብቻ ናት።

«ጋሼ በትክክል ሰምተዋል» አለች። «የተሳሳትነው እኛ ነን። ሰው መሰለን። ዶክተር፣ ያዩትን ይንገሯቸው።»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ውሻው ሴት ናት።»

ልብስ ሰፊው «እንዴ» ብለው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። ሚጡ አፏን በእጇ ያዘች። ትልቅ ነው፣ ፀጉራም ነው፣ ያስፈራል፤ ስለዚህ ወንድ ነው ብለው ነበር። እሷ ራሷ ማስታወቂያው ላይ እንዲያ ብላ ጽፋለች፤ አክስትም አላረሟትም።

«ደንቆሮም አይደለችም» አለች መርማሪዋ። «ቆርቆሮው ሲጮኽ ጆሮዋ ይቆማል። ‹ና› ስትሏት የማትመጣው ‹ና› ተብላ ስለማታውቅ ነው። ‹ነይ› እየተባለች ላደገች ውሻ ‹ና› የሚባለው ሌላ ውሻ ነው። አሁን ‹አልለቅም› የሚለውን አስቡት። አክስት ያሉት ስለ ቤት አይደለም። ገመዱን ነው። ውሻዋ የታሰረችበትን ገመድ በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላ በኩል ሰውየው ይዘውት ነበር።»

ከዚያ ቆመች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ከዶክተሩና ከእኔ በቀር ሁላችሁም እስከ አሁን ‹እሱ› ስትሉ ቆያችሁ። አንድ ሰው ግን አይቻት አላውቅም እያለ ‹ብትሰጧት ሳትሠቃይ ታርፋለች› አለኝ።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከንፈሩ ላይ አልረጋም። «በዚህ ሰው ይከሰሳል? መኪናዬንም እኮ ‹እሷ› እላታለሁ። አፍ እንዳመጣ ነው።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነው በዚያ ብቻ ያልያዝኩዎት» አለችው። «እስቲ ሁላችሁም በየተራ ጥሯት። ዶክተር፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

ሐኪሙ መቀርቀሪያውን ሳበና ወደ ጎን ቆመ። ውሻዋ ከጥጉ አልተንቀሳቀሰችም። እጮኛው «ና» አለ፤ ምንም። ልብስ ሰፊው «ና እስቲ፣ ና የኔ አንበሳ» አሉ፤ ከልማድ መላቀቅ አቅቷቸው ነው፤ ምንም። ባለ መድኃኒት ቤቱ ተራው ሲደርስ እፈራለሁ ብሎ ወደ ኋላ አለ፤ ፖሊሱ ከኋላው ስለ ነበር የትም አልሄደም። ከጉሮሮው ሳይወጣ «ና» አለ። ውሻዋ ጭንቅላቷን አነሣች፤ አልመጣችም ግን።

«አያችሁ» አለ።

መርማሪዋ ወደ ሽቦው በር ሁለት እርምጃ ተራመደች። እጇ እንደ ልማዷ ወደ ባቷ ወረደ። 

«ነይ» አለች። «ነይ ወዲህ፣ አይዞሽ።»

ውሻዋ ተነሥታ ወጣች። ጅራቷን በእግሮቿ መሐል አድርጋ፣ መሬቱን እያሸተተች፣ በቀጥታ ወደ መርማሪዋ መጣች። መርማሪዋ ዐይኗን ጨፈነች። ፀጉሩ ቀሚሷን ነክቶ ሲያልፍ ተሰማት፤ ስትገልጥ ውሻዋ አልፋት ሄዳለች። ባለ መድኃኒት ቤቱ እግር ሥር በሆዷ ተኝታ አገጯን ጫማው ላይ አስደግፋለች።

«ሂጂ» አላት ሰውየው።

ውሻዋ ወዲያው ተነሥታ ጥቂት ራቅ አለችና ቁጭ ብላ ፊቱን ታየው ጀመር።

 ሰውየው ያለውን የሰማው ከሁሉም ዘግይቶ ነበር። ጋውኑን እንደ ሞቀው ሰው አንገቱ ላይ ከፈተ፤ ከዚያ መናገር ጀመረ፤ ጠያቂ አልፈለገም። ቤቱን እንድትጠብቅለት ነበር ያሳደጋት። ቀን ታስሮ የሚውል ውሻ ማታ ካልተፈታ ይታመማል ብሎ ማታ ማታ በሩን ይከፍትላት ነበር። ልጁን የነከሰችው የእሱ ውሻ መሆኗን ያወቀ የለም፤ ጠዋት አፏን አጠበ። በገዛ እጁ መርዝ ሊሰጣት አልቻለም። ስለዚህ ማሰሪያዋን ፈትቶ፣ በመኪና ወስዶ፣ ከድልድዩ ወዲህ ጣላት። ማስታወቂያውን መስታወቱ ላይ ሲያይ ሰው እንዳይለያት ፈርቶ ሊወስዳት መጣ፤ ወዴት እንደሚወስዳት ገና አላሰበም ነበር።

«እሳቸው ሌላ ክፍል ውስጥ ያሉ መስለውኝ ነበር» አለ። «አስሬያት ስወጣ መጥተው ገመዱን ያዙ። ‹ያንተ ናት? እንግዲያው አብረን ለልጁ አባት እንሂድና የኔ ናት በል› አሉኝ። ሱቄን፣ ስሜን ሁሉ አስቤ ጎተትኩ። አልለቅም አሉ። እኔ…» መዳፉን አየ። «እኔ ለቀቅሁት። እልኽ ይዞኝ ድንገት ለቀቅሁት። ወደ ኋላ ሄዱ።»

«ይተነፍሱ ነበር?» አለች ሚጡ።

ሰውየው መሬት መሬት አየ።

«ይተነፍሱ ነበር ወይ አልኩህ።»

«ገመዱን ከእጃቸው አውጥቼ፣ ከአንገቷም ፈትቼ፣ እሷን እዚያው ትቼ ሄድኩ» አለ።

ሚጡ ወደ እሱ ልትሄድ ስትል እጮኛዋ ክንዷን ያዛት። እሷ ግን መምታት አልፈለገችም፤ ቀርባ ፊቱን በደንብ አየችውና ተመለሰች። ልብስ ሰፊው ገንዳው ጠርዝ ላይ ሊቀመጡ ብለው የት እንደሆነ ሲያስታውሱ ቀና አሉ። ያን ዱብታ ሰምተው መኪናቸውን የረገጡት እሳቸው ናቸው።

ፖሊሱ ሰውየውን ሲወስደው ውሻዋ ተከተለችው። መኪናው ሲነሣ እስከ በሩ ሮጣ መንገዱ ዳር ተቀመጠች፤ ሌላ መኪና ሲያልፍ አንገቷን አብራ ታዞራለች። ውሻ ያዦቹ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። አንደኛው በረጅም እንጨት ላይ የታሰረ የሽቦ ቀለበቱን ይዞ ወረደና የቆሙትን ሁሉ አየ።

«ልጅ ነክሳለች ተብሏል። ባለቤት አላት?» አለ። «ባለቤት የሌላት ከሆነች እንወስዳታለን። ያላት ከሆነች ሐኪም ዘንድ ተዘግታ ትታያለች፤ ከዚያ ወዲያ ለምታደርገው ሁሉ ተጠያቂው ባለቤቷ ነው።»

ሐኪሙ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሚጡ ቀደመችው።

«እኔ ነኝ ባለቤቷ።»

ውሻ ያዡ ጠረጠራት። «ቀላል እንዳይመስልሽ። የልጁ አባት በር ለበር እየዞረ የውሻዋን ባለቤት ይፈልጋል፤ ንዴቱ ገና አልበረደም። የኔ ናት ካልሽ የሚሰድበው አንቺን ነው።»

ሚጡ እጮኛዋን አየች። እሱ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ከንፈሩን ነከሰ።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አላት በመጨረሻ። «ሰውየው አንቺን ነው የጠየቀሽ።»

እሷም ከሚስማሩ ላይ አንድ ገመድ አንሥታ ወጣች። ውሻዋ አንገቷን ስትነካት አጉረመረመች፤ ሚጡ እጇን አልሰበሰበችም፣ አልቸኮለችምም። ካሰረቻት በኋላ አልጎተተቻትም፤ አጠገቧ መንገዱ ዳር ተቀምጣ መኪኖቹን አብራት ስታይ ቆየች። ከዚያ ሐኪሙን ቀና ብላ የልጁን ቤት እንዲያሳያት ለመነችው።

«ዛሬ?» አላት። «አክስት ሳይቀበሩ?»

«ዛሬ። አባትየው በር ለበር ሲያንኳኳ ከሚመሽበት እኔ ላንኳኳ።»